ገጽ አርባ አንድ

በገጽ መቶ ሃምሳ ብር፤ ቀብድ የለ፣ ውል የለ፤
ደንበኛዬ ቸኩሎ «ለሰኞ ይድረስ» አለ።
አንዲት የባቫርያ ከተማ፣ ኢልመንሽታይን የምትባል፣
የስምንት መቶ ዓመት ታሪኳ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል።

ፒያሳ፣ ከሲኒማው ጀርባ፣ በእንጨቱ ፎቅ ቤት፣
ደረጃው ሲያቃስት በሚሰማበት፣
ተቀምጫለሁ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ፣
ከመጀመሪያው ቃል ጋር ግብግብ ተያይዤ።
ጀርመንኛን ለቪዛ ነበር የጀመርኩት፤
ቪዛው ቀረ፣ ቋንቋውን ለእንጀራ ቀየርኩት።

«ቡርግ» ይላል መጽሐፉ። ምን ልበለው እኔ?
አምባ ብለው ተራራ ብቻ ይመጣል በዓይኔ፤
ቤተ መንግሥት ብለው፣ ዘበኛና አጥር፤
ግንብ ብለው ደግሞ፣ የጎረቤት ድንበር።
ሲመሽ «ግንብ» አልኩት፣ የተሻለ ባጣ፤
ከዚያ ወዲያ ታሪኩ እንደ ጎርፍ መጣ።

መስፍኑ መጣ አሉ፣ ወንዙን ተሻገረ፣
በጨው ነጋዴ ቀረጥ ማማውን ጀመረ።
ልጁ ጨረሰለት። የልጅ ልጁ ሸጠው።
የገዛውም ጳጳስ በወይን እርሻ ለወጠው።
ወረርሽኝ ገባበት፣ ግማሹን ወሰደ፤
የስዊድን ጦር መጣ፣ የቀረው ነደደ።
ነደደ፤ ተሠራ። ደግሞ ተቃጠለ፤
ደግሞ ያው ድንጋይ ያው ቦታው ላይ ዋለ።
በኋላም ከሰማይ ቦምብ ዘነበበት፤
በነጋታው ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ወጡበት፣
ጡብ ከጡብ ለዩ፣ አመዱን አራገፉ፣
የጎደለውን ሁሉ በደብተር ጻፉ።
ቁጥር ሰጥተውታል ለእያንዳንዱ ካብ፣
እንደ ተማሪ ልጅ ስሙ እንደሚነበብ።

እኔ ይህን ስጽፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣
ኤክስካቫተሩ ክንዱን ያነሳል፤
አንድ ግድግዳ ሲወድቅ አምፖሌ ይርገበገባል፣
አቧራው ገብቶ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ይተኛል።
እፍ አልኩት። ከሥሩ ያለው አልጠፋም፦
«ጎዳናው እስከ ዛሬ በአንድ ክንድ አልሰፋም።»

ጋሽ ሽመክት መጣ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣
ሠላሳ የቆመ ሰዓት ካርቶን ውስጥ ደርድሮ፤
ሁሉም በየራሳቸው ደቂቃ የቆሙ፣
ባለቤቶቻቸው ሳይመጡ የከረሙ።
የሱቁ በር ላይ በቀይ ቁጥር ጽፈውበታል።
«ሐሙስ ነው» አለኝ። ሌላ አላለም። ተቀምጧል።

«ምንድነው የምትጽፈው?» አለኝ። አነበብኩለት፤
ጳጳሱን ዘልዬ፣ ዳቦ ጋጋሪው ላይ ደረስኩለት፦
ዮርግ የተባለ ጋጋሪ፣ ዳቦው ቀሎ ቢገኝበት፣
በእነሱ አቆጣጠር ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ስድስት፣
በፍርግርግ ሣጥን ዘግተው፣ ከድልድዩ ላይ፣
ወንዝ ውስጥ ነከሩት፣ ለሕዝቡ እንዲታይ፤
ሦስት ጊዜ። ጸሐፊው ቆጥሮ መዝግቦታል፤
ውኃው ይቀዘቅዝ እንደነበር ጭምር ጠቅሶታል።

ጋሽ ሽመክት እንባው እስኪፈስ ሳቀ፦
«አራት መቶ ዓመት ኖረ፣ ዳቦ ስለሰረቀ!
እኔ ደቂቃ ሳልሰርቅ ዕድሜዬ አለቀ።
እንግዲህ ማን ይክሰሰኝ? ማን ወንዝ ይንከረኝ?
መዝገብ ላይ ለመግባት ምን ባጎድል ይሻለኝ?»
ካርቶኑን አቅፎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ፤
ከሠላሳው አንዱ ሰዓት ተናውጦ ሦስቴ መታ።

ሐሙስ መጣ፤ ሄደ። የማዶው ቤት የለም፤
ፍርስራሽ ላይ ቀርቷል የቁጥሩ ቀለም።

ገጽ አርባ አንድ ላይ ነበርኩ ያን ሌሊት፦
«ከቃጠሎው ወዲህ የማማው ሰዓት
ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆሞ ከቆየበት
አንድ ሰው አስነሳው» ይላል፤ ስም የለበት።
ያ ሁሉን ቆጣሪ፣ ያ የከተማው ጸሐፊ፣
እዚህ ላይ ሲደርስ ሆነ ቸኩሎ አላፊ።

መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁ፤ መብራቴን አቀረብኩ፤
እንደዚያ ጋጋሪ፣ ሚዛኑን አጋደልኩ፦
«ጠጋኙ ሽመክት ይባላል፣ ከሩቅ አገር የመጣ፤
ከእጁ አንድም ደቂቃ አልጎደለ፣ አልታጣ።»

ሰኞ አስረከብኩ። ደንበኛው ገጹን ቆጠረ፣
ብሩን ቆጠረ፣ ሄደ። ምንም አልጠረጠረ።

ቢነክሩኝ ይንከሩኝ፤ ቀበናም ወንዝ ነው፤
ብቻ አንድ ጸሐፊ ከዳር ቆሞ ይቁጠረው።